ቢላዋ ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ከቢላዋው በፊት ሻጩን ይዩ

ፋሲካ ሲቃረብ የቢላዋ ገበያ ይደራል። ቅርጫ የገባውም፣ በግ የሚያርደውም፣ ዶሮ የምትሠራውም ቤት ያለው ካራ መደነዙ ትዝ የሚላቸው በዋዜማው ነው። በዚያ ጥድፊያ የሚታየው ዋጋውና የብረቱ ብልጭታ ብቻ ነው። ሱቅ ውስጥ ግን ሁሉም ቢላዋ ይቆርጣል። ጠባዩ የሚታወቀው ከወር ከሁለት ወር በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ተመልሰው የሚሄዱበት ሻጭ ካልመረጡ ከነዱልዱሙ ይቀራሉ። አንድ ሱቅ የሚመላለሱ ደንበኞችን ለምን እዚያ እንደሚሄዱ ቢጠይቋቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሱት ርካሽነቱን ሳይሆን «እውነቱን ይነግረኛል» የሚለውን ነው።

በወረቀት መታለል

ሻጩ ጋዜጣ አንጠልጥሎ ቢላዋውን ሸርተት ያደርግና «ይኸው እናቴ፣ ምላጭ ነው!» ይላል። ተራ ቆርቆሮ እንኳ በደንብ ከተሳለ ወረቀት ይቆርጣል። ቁም ነገሩ ስለቱ ምን ያህል ይቆያል የሚለው ነው፤ እሱን የሚወስነው የብረቱ ዓይነትና በእሳት የተሰጠው ጥንካሬ ነው፤ ጋዜጣ አይነግርዎትም።

ይልቅ አፉን ወደ ላይ አድርገው ብርሃን ያሳዩት። በትክክል የተሳለ አፍ ብርሃን አይመልስም፤ የሆነ ቦታ ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ካብረቀረቀ እዚያ ጋ ደንዟል ወይም ተጣጥፏል። ከዚያ አንድ ዓይንዎን ጨፍነው ከእጀታው እስከ ጫፉ እንደ ጠመንጃ አነጣጥረው ይመልከቱት፤ የተጣመመ ከሆነ ወዲያው ይታያል። በመጨረሻ ብረቱና እጀታው የሚገናኙበትን በጥፍርዎ ይዳብሱ። ጥፍር የሚይዝ ክፍተት ካለ ውሃና ስብ ይገባበታል፤ እንጨቱ ያብጣል፣ ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል። ይህን ሁሉ ሲያደርጉ ፊቱን የሚያጨማድድና «ካልገዛህ አታሻሸው» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት፣ ስለ ሱቁ ማወቅ የሚገባዎትን ነግሮዎታል።

ብረቱ ላይ የተጻፈውን ማመን

በየመደብሩ «ጀርመን» የሚል ቢላዋ ሞልቷል። ጀርመን ውስጥ በስለት ሥራ የታወቀችው ከተማ ሶሊንገን ናት፤ ስሟ እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ፣ ዋናው ሥራው እዚያ አካባቢ ያልተሠራ ቢላዋ በስሟ ሊሸጥ አይገባም። የጀርመን ሕግ ግን መርካቶ ድረስ አይመጣም፤ ማኅተም መምታትም ቀላል ነው።

«ስቴንለስ ስቲል» የሚለውም ብዙ አያስረዳም። ብረቱ ውስጥ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለ፣ ቶሎ አይዝግም ማለት ነው፤ ማንኪያውም እንዲሁ ነው። ሙያውን የሚያውቅ ሻጭ የብረቱን ዓይነት ሲጠየቅ አይደናገርም። ለምሳሌ ብዙ የጀርመን ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት 1.4116 የተባለው ብረት 0.5 በመቶ ያህል ካርቦንና 15 በመቶ ያህል ክሮሚየም አለው። ሁሉም ሻጭ ይህን በቃሉ ይወቅ አልልም። «ይሄ የቻይና ነው፣ ለዋጋው ግን ደህና ነው» ማለት ከቻለ ለእኔ ይበቃኛል። ከቻይናዋ ያንግጂያንግ ከተማ እጅግ ብዙ ቢላዋ ለዓለም ገበያ ይወጣል፤ መካከሉ ላይ ጥሩ የሚባል አለ። የቻይናውን የጀርመን ነው ብሎ የሸጠ ሰው ነው ችግሩ።

በማግኔት መፈተን

«ማግኔት ከያዘው ኦሪጅናል አይደለም» የሚባለውን ከድስት ወደ ቢላዋ አያምጡት። ቢላዋ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ በእሳት ጠንክሮ ስለት የሚይዘው ብረት ማግኔት ይስበዋል። ማግኔት የማይነካው እንደ 18/10 ያለው (18 በመቶ ክሮሚየምና 10 በመቶ ኒኬል ያለበት) ብረት ለማንኪያ ያምራል እንጂ በእሳት አይጠነክርም። ይህን ፈተና እንደ ማስረጃ የሚያቀርብልዎ ሻጭ ወይ አያውቅም፣ ወይ እርስዎ እንደማያውቁ ቆጥሯል።

ለምን እንደሚፈልጉት አለመናገር

ጥሩ ሻጭ ገና ሲገቡ «ለምንድን ነው?» ይላል። ቀጫጭኖቹ የጃፓን ቢላዎች ሮክዌል በተባለው የጥንካሬ መለኪያ ብዙ ጊዜ 60ና ከዚያ በላይ ናቸው፤ የጀርመኖቹ ደግሞ 56 እስከ 58 አካባቢ ይሆናሉ። የጠነከረው ስለቱን ረጅም ጊዜ ይይዛል፣ ግን አጥንት ሲነካ ይሸረፋል። ሽንኩርትና ጎመን ላይ የሚደነቅ ቢላዋ፣ ዶሮ 12 ብልት ሲወጣለት መገጣጠሚያውን የሳተ እጅ አንዴ አጥንቱ ላይ ካሳረፈው ጥርሱ ይረግፋል። ለክትፎ ደግሞ ከበድ ያለና አፉ ጎበጥ ያለ ይሻላል። ሥጋ ቆራጮች በጣም ጠንካራውን የማይመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀኑን ሙሉ ክብ የመሳያ ዘንግ ላይ ግራ ቀኝ አሽተው ቶሎ የሚመልሱት ለስለስ ያለ ብረት ይፈልጋሉ።

ውድ ቢላዋ ይዞ «ይሄ ለዶሮ አይሆንሽም እህቴ» የሚል ነጋዴ ሽያጭ አጥቶ ደንበኛ ያገኛል። ባለ ስድስት ፍሬውን የቢላዋ ስብስብ በሳጥኑ አሳምሮ የሚገፋው ግን ብዙውን ጊዜ ሊገላገለው የፈለገውን ዕቃ ነው የሚሰጥዎት። ለአንድ ቤት አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ይበቃል፤ ለሠርግ ስጦታ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

ስለ መሳል ሳይጠይቁ መውጣት

ከሁሉም የሚከፋው ይህ ይመስለኛል። ማንኛውም ቢላዋ ይደነዛል። ስለዚህ «ሲደነዝ ማን ይስለዋል? በምን?» ብለው ይጠይቁ። ደረቅ ግራይንደር ላይ ተጭኖ የሚሳል ቢላዋ እሳት ይረጫል፣ ያያችሁትም «አቤት ስለት!» ትላላችሁ። አፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከወጣ ግን ብረቱ ቢያንስ ወደ 300 ዲግሪ ግሏል፤ ፋብሪካው የሰጠው ጥንካሬ እዚያ ቦታ ላይ ቀንሷል። በማግስቱ ይቆርጣል፣ በሳምንቱ ይደነዝዛል፤ ጥፋቱም በቢላዋው ይላከካል። ውሃ እየነካ በድንጋይ የሚስል ወይም እንዲህ የሚስል ሰው የሚያውቅ ሻጭ ከተገኘ፣ ትንሽ ቢያስወድድም አይልቀቁት። ዘመድ ከአሜሪካ በሻንጣው የሚያመጣው ቆንጆ ቢላዋ ጉድለቱም እዚህ ላይ ነው፤ ሻጩ ውቅያኖስ ማዶ ነው።

የባለእጅን ሥራ መናቅ

አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብ በአዋጅ ቢከለክሉም ንቀቱ ገና አልለቀቀንም። ከመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ የሚሠራ ካራ ካርቦኑ በቂ ስለሆነ፣ ግሎ በደንብ ከተነከረ ከብዙ የሱቅ ቢላዋ የተሻለ ስለት ይይዛል። ይዝጋል፤ አጥቦ ማድረቅና ዘይት ነካ ማድረግ ግድ ነው። ሠሪው ራሱ ስለሚሸጠው ደግሞ ከምን ብረት እንደሠራው ይነግርዎታል። ከሆነ ቦታ የተገኘ ብረት ነው ብሎ ካለፈው ግን ይተዉት፤ ለስላሳ የግንባታ ብረት ቢቀጠቀጥ ቅርጹ እንጂ ስለቱ አይመጣም።

ደረሰኝ አለመቀበል

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ቢለጠፍም፣ በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ የማስለወጥ ወይም ገንዘብ የማስመለስ መብት ሰጥቷል። እጀታው ለተነቃነቀ፣ ብረቱ ለተሰነጠቀ ይሠራል። አጥንት ሲመቱበት ለተሸረፈው ግን ደረሰኝም አያድንም።