ቁርጥራጭ ሪባን ካላችሁ አትጣሉ

ከስጦታ መጠቅለያ ወይም ከስፌት የተረፈ አጭር ሪባን ብዙ ነገር ይሠራል። መጀመሪያ ግን ጫፉን አስተካክሉ። ሳቲን ወይም ሌላ ፖሊስተር ከሆነ በሰያፍ ቆርጣችሁ ወደ ሻማው ነበልባል ጎን ጠጋ አድርጉት፤ እሳቱ ውስጥ አታስገቡት፣ ጠርዙ ቀለጥ ብሎ ሲያብረቀርቅ ወዲያው አንሱት። ጥጥ ግን ይነዳል እንጂ አይቀልጥም፣ ስለዚህ ለሱ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ጫፉ ላይ ቀባ ማድረግ ይበቃል።

እኔ በጣም የምወደው የዚፕ መጎተቻ ነው። 15 ሴንቲ ሜትር የሚያህል ቀጭን ሪባን ለሁለት እጠፉ፣ የታጠፈውን በኩል በዚፑ ቀዳዳ አሾልኩት፣ ከዚያ ሁለቱን ጫፎች እጥፋቱ በሠራው ቀለበት ውስጥ አስገብታችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡ። ጫፎቹን ቋጠር፣ አለቀ። መጎተቻው የተሰበረ የልጆች ጃኬትና ቦርሳ በዚህ ነፍስ ይዘራል።

ሰፋ ያለውን የልብስ መስቀያ ላይ ጠምጥማችሁ ጫፍና ጫፉን በማስቲሽ አጣብቁት። ሸካራው ይሻላል፤ ሳቲን ራሱ ስለሚያንሸራትት ልብሱን አይዝላችሁም። በጣም ያጠረውስ? ለየቁልፉ የተለያየ ቀለም እሰሩበት፣ በጨለማ ባይሆንም በቀን የትኛው የየትኛው በር እንደሆነ ሳትሞክሩ ታውቃላችሁ።