«ሁሉም ነገር ተቀየረ» የሚል መልስ አትቀበሉ

የታሪክ ፈተና ሳርም አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ይመጣብኛል፤ «በ1967 ዓ.ም. መሬት ላራሹ ታወጀ፣ ሁሉም ነገር ተቀየረ።» ልጁ ዓመቱን ይዟል። ታሪኩን ግን አልያዘም። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ እኛ መምህራን ዓመተ ምሕረትን እንደ አጥር አቁመን ስለምናስተምር ነው።

እስቲ ይህንኑ አዋጅ እንየው። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ መያዝ ቀረ። መሸጥና ማከራየትም ተከለከለ። በደቡብ፣ ምርቱን ለባለመሬት እያካፈለ ለኖረው ጭሰኛ ኑሮው ከሥሩ ተነቀነቀ። ጎጃም ላይ ግን አብዛኛው ገበሬ የራሱ ርስት ነበረው። እሱን የሚያሳስበው ርስቱ እንዳይነካበት ነበር። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ ያመፀውም አንዱ ይኸው ስጋት ገፍቶት ነው። ታዲያ ለሁለቱ ገበሬዎች አዋጁ አንድ ነው?

ደርግ በ1983 ሲወድቅ ደግሞ ተማሪው ያንኑ መልስ ይደግመዋል። ነገር ግን በ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። መንግሥት ሄደ፣ የመሬቱ ነገር በዋናው ቀጠለ። ከከተማ ወጣ ብላችሁ እርሻ ብታዩ ሞፈርና ቀንበሩም አለ። ስለዚህ እባካችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ፤ ለማን ተቀየረ? ምን ሳይነካ ቆየ? በስንት ጊዜ? እነዚህን የመለሰልኝ ልጅ ቀኑን ቢረሳ እንኳ ሙሉ ማርክ እሰጠዋለሁ።

ሌላው ስህተት የዚህ ግልባጭ ነው። አንዳንድ መምህራን ተማሪ ይዘው ጣና ዳር ይወርዱና ታንኳ እያሳዩ «ይኸው፣ ከጥንት ጀምሮ ምንም አልተለወጠም» ይላሉ። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል፣ የውኃ ዳር ተክሉ፣ እኮ ውኃ እየጠጣ ይበሰብሳል። ታንኳ ብዙ ሳይቆይ በአዲስ ይተካል። ሥራው እስከ ዛሬ የደረሰው አባት ለልጁ እያሳየ ነው። ያ ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በታንኳ ሥራ የሚታወቁት ወይጦዎች ድሮ ጉማሬ ያድኑ ነበር። የራሳቸው ቋንቋም ነበራቸው፤ ዛሬ ግን የሚናገሩት አማርኛ ነው። ታንኳው ቆየ፣ ቋንቋው ጠፋ። ለምን? ጥያቄውን ለክፍሉ ስጡና ዝም በሉ። አንዴ አንድ ልጅ ብዙ ካሰበ በኋላ «ቲቸር፣ መጀመሪያ ሁለቱንም ይናገሩ ነበር ማለት ነው?» አለኝ። የዚያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ለውጥ ቀስ ብሎ እንደሚመጣ ራሱ ደረሰበት።

ለውጥን ሁሉ እድገት አድርጎ ማስተማርም አለ። ጢስ ዓባይን አንሱ። በ1956 የመጀመሪያው፣ በ1993 ሁለተኛው የኃይል ማመንጫ ሲመጣ መብራት ተገኘ፤ ውኃው ወደ ተርባይን ሲዞር ግን ፏፏቴው ሳሳ። መብራት የገባለት ሰውና ከቱሪስት የሚኖረው አስጎብኚ አንድ ዓይነት ታሪክ አይነግሯችሁም።

ሰሌዳ ላይ ፋሲልን፣ ቴዎድሮስንና ምኒልክን በእኩል ርቀት አትደርድሩ። ገመድ ይዛችሁ ሜዳ ውጡ፤ ለ10 ዓመት 1 ሜትር ስጡ። ከጎንደር ምሥረታ እስከ ቴዎድሮስ ንግሥና 22 ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚያ እስከ ምኒልክ ዘውድ 3 ሜትር ተኩል ብቻ። ልጆቹ በእግራቸው ሲለኩት ይገባቸዋል።

የዘመን አቆጣጠር አትቀላቅሉ፤ «ጣሊያን ከ1928 እስከ 1941» እያለ 13 ዓመት የሚቆጥር ተማሪ ሞልቷል፤ 1928 በእኛ፣ 1941 ግን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በመጨረሻ፣ ልጆችን «ድሮ እንዴት ነበር?» ብለው እንዲጠይቁ ወደ አዛውንት አትላኩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያመጣው «ድሮ ጥሩ ነበር» የሚል መልስ ነው። «እማማ፣ ደርግ ሲገባ ስንት ዓመትዎ ነበር? ያኔ ውኃ ከየት ይቀዱ ነበር? ደርግ ሲወድቅስ? አሁንስ?» ይበሉ። ሦስቱን መልስ ጎን ለጎን ጽፈው ሲመጡ የቀጣዩ ቀን ትምህርት ከዚያ ይጀምራል።