የአዲስ ዓመት ዕቅድ ጥር ላይ እንዳይፈርስ፦ ከጎጃም ዓመት ጋር የሚሄድ ዕቅድ እንዴት ይወጣል?

ዕቅድ በእንቁጣጣሽ ዕለት አይወጣም። ያን ቀን እንግዳ አለ፣ ዶሮ አለ፣ አበባ ይዘው በር የሚያንኳኩ ልጆች አሉ፤ ማን ቁጭ ብሎ ያስባል? ጳጉሜን ትሻላለች። 5 ቀን ናት፤ ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ብቻ 6 ትሆናለች። ለወር ደመወዝተኛ ደግሞ ጳጉሜን ደመወዝ የላትም፤ የነሐሴዋ ብር እሷንም መስከረምንም ትሸከማለች። ኪሳችሁ እውነቱን የሚነግራችሁ ያን ጊዜ ነው፤ እውነቱን በሰማችሁበት ሰዓት ጻፉ።

የሚያስፈልገው ደብተር፣ ሁለት ቀለም እስክሪብቶና በዓላትና አጽዋማት የተጻፉበት የግድግዳ ካላንደር ነው። ስልክ ላይ የሚጫኑ የዕቅድ አፖች አሉ። እኔ አልመክርም። አብዛኞቹ የሚቆጥሩት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ አዲስ ዓመታቸው የሚገባው ታኅሣሥ 23 አካባቢ ነው። ጳጉሜንን አያውቋትም፣ ጾሙን አያውቁትም፣ ኔትወርክ ሲጠፋም አንዳንዶቹ አይከፈቱም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ግን ቡና ሲፈላ ሁሉ ታዩታላችሁ።

መጀመሪያ አምናን ጻፉ

አንድ ገጽ ይበቃል። ምን ያህል ገባ፣ የት ሄደ፣ ማታ ማታ ሰዓቱ በምን አለፈ። ማንም አያይባችሁም፣ በትክክል ጻፉት።

ከዚያ ሁለት ነገር ብቻ ምረጡ

ሁሉን አማረሽን ከገበያ አታውጧት ይባላል። እንግሊዝኛ ልማር፣ ልቆጥብ፣ ውፍረት ልቀንስ፣ ድግሪዬን ልጨርስ፣ መንጃ ፈቃድ ላውጣ፣ በግ ላደልብ ብሎ የጻፈ ሰው ስድስቱንም ጥቅምት ላይ ሲተው አይቻለሁ። አንድ ለኪስ፣ አንድ ለራስ። ሌላው ደብተሩ ጀርባ ላይ ተጽፎ ይቆይ፣ አይጠፋም።

ስለቱን ከዕቅዱ ለዩ

«ልጄ ማትሪክ ይለፍልኝ»፣ «ዘንድሮ ዕድገት ላግኝ»፣ «የውጭው ነገር ይሳካልኝ»። እነዚህ በእናንተ እጅ ያሉ አይደሉም። ጸልዩባቸው፣ ስለት ተሳሉባቸው፣ እኔም እሳላለሁ። ደብተሩ ላይ ግን የሚጻፈው በእጃችሁ ያለው ክፍል ነው። ልጁ ማትሪክ እንዲያልፍ ከፈለጋችሁ ዕቅዱ «ከሰኞ እስከ ሐሙስ ማታ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ቴሌቪዥን ይጠፋል፣ አጠገቡ እቀመጣለሁ፣ የሠራውን ሒሳብ አያለሁ» የሚል ነው። ይህን አደረግሁ አላደረግሁም ብሎ መመለስ ይቻላል። ዓመቱ ሲያልቅ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን የእናንተ ድርሻ ይታወቃል።

አሁን ካላንደሩን አውርዱና ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት

አብዛኛው ዕቅድ የሚፈርሰው እዚህ ስለሆነ ጊዜ ስጡት። ሰው ሲያቅድ 12ቱን ወር እኩል አድርጎ ያስባል። የእኛ ዓመት ግን እኩል አይደለም። በአንዱ ቀለም ብር የሚበሉትን ወራት፣ በሌላው ጊዜ የሚበሉትን አክብቡ።

መስከረም ብር ይበላል። ከእንቁጣጣሽ በኋላ 17 ላይ መስቀል አለ፣ መካከል ላይ የልጆች ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም አለ። ጥቅምትና ኅዳር ለኪስ ቀለል ይላሉ፤ ገጠር ቤተሰብ ላለው ግን አጨዳው ቅዳሜና እሑዱን ይወስዳል፣ ከዚያ ውቂያው ይከተላል። ያን ጊዜ የቅዳሜ ኮርስ የተመዘገበ ሰው ወይ ኮርሱን ይቀራል ወይ አባቱን ያስቀይማል። ታኅሣሥ 29 ገና ነው። ጥር 11 ጥምቀት ነው፣ ጥምቀት እንዳለፈ ሰርጉ ይጀምራል። አንድ ሰርግ ማለት ስጦታ ብቻ አይደለም፤ ልብስ አለ፣ ትራንስፖርት አለ፣ የዘመድ ሰርግ ከሆነ መዋጮ አለ። ዘንድሮ ማን እንደሚዳር ብዙ ጊዜ ጳጉሜን ላይ ይሰማል፤ እናቶችን ጠይቁ፣ ያውቃሉ።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል። ፋሲካ በየዓመቱ ስለሚለዋወጥ መጀመሪያ የሚውልበትን ቀን ፈልጋችሁ ወደ ኋላ 55 ቀን ቁጠሩ። ይህን ጊዜ ብዙ ሰው ለዕቅድ አይመች ይመስለዋል። እኔ ግን ከዓመቱ ምርጡ ነው እላለሁ። ሰርግ የለም፣ ሥጋና ቅቤ አይገዛም፣ ማታም ድግስ የሚጠራ የለም። ንባብ፣ ኮርስ፣ ቁጠባ እዚህ ላይ ጫን ይበል። የሚከብደው ስፖርት ብቻ ነው። እስከ ቀትር በኋላ ምንም የማይቀምስ ሰው ጠዋት ሩጫ ቢል ይደክማል፤ ወደ ማታ የእግር ጉዞ ይለውጠው። ለሩጫው ከመስቀል በኋላ መሬቱ ሲጠነክር ያለው ጊዜ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ደብረ ማርቆስ ላይ ጠዋት ጭቃና ዝናብ ስለሆነ ከቤት የማያስወጣ እንቅስቃሴ አስቡ።

ፋሲካ ራሱ ብር ነው፤ ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ደግሞ ሁለተኛው የሰርግ ወቅት ይመጣል። ክረምት ሲገባ ለገበሬው ማዳበሪያና ዘር፣ ለከተሜው የእህል ዋጋ ይመጣል።

ብሩን በእነዚህ ወራት ላይ አስሉት

የአጎቴ ልጅ ደመወዝተኛ ነው። አንድ ዓመት «60,000 ብር እቆጥባለሁ» ብሎ ጻፈ። ለ12 ሲካፈል በወር 5,000 ነው። እጁ የሚገባው 9,000 ነበር። ቤት ኪራይ 2,500፣ አስቤዛ 4,000፣ ዕድር፣ ስልክና ባጃጅ 500። የሚተርፈው 2,000 ነው። መስከረምና ጥቅምት እየተበደረ 5,000 አስገባ። ጥር ላይ የእህቱ ሰርግ መጣ፣ ያስቀመጠውን አወጣ፣ ከዚያ ወዲያ ደብተሩን አልከፈተውም። የሚያሳዝነው በየወሩ ይችላት የነበረችውን 2,000 ጭምር መተዉ ነው።

ትክክለኛው ስሌት እንዲህ ነው። መስከረምን፣ ታኅሣሥን፣ ጥርንና ፋሲካ የሚውልበትን ወር አውጡ። 8 ወር ይቀራል። 8 በ2,000 ሲባዛ 16,000 ነው። ለሕመምና ለድንገተኛ ለቅሶ 1,000 ቀንሱ፣ 15,000። ዕቅዱ ይኸው ነው። ከ60,000 አጠገብ ሲያስቀምጡት ያንሳል፤ ግን ጳጉሜን ላይ በእጅ የሚቆጠር ብር ነው።

ለማስቀመጥ ዕቁብን ከባንክ አስበልጣለሁ። ባንክ ያለውን ብር ማንም ሳያይ ታወጡታላችሁ፤ ዕቁብ ላይ ግን ሰው ይጠብቃችኋል፣ ሰብሳቢው ይደውላል። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ፦ የምትገቡበትን ዕቁብ መጠን በጥቅምት አቅማችሁ አትወስኑት፣ በጥር አቅማችሁ ወስኑት። ጥር ላይ ለመክፈል የሚያስበድር ዕቁብ ከሆነ ግማሽ ዕጣ ግቡ፣ ከሌላ ሰው ጋር ተጋሩ።

ገበሬ ለሆነ ወንድማችሁ ይህ የወር ስሌት አይሠራም። ብሩ የሚገባው በየወሩ አይደለም፣ ጤፉና በቆሎው ተወቅቶ ሲሸጥ ነው። እሱ የሚያቅደው ከአውድማ በወጣበት ሳምንት ነው፤ ሰርጉ ሳይጀምር የሰኔን ማዳበሪያና ዘር አስቀድሞ ይለይ። ጥር ካለፈ በኋላ የሚለይ ነገር አይኖርም።

መንገድ የሚያስፈልገውን ዕቅድ ሁለት አድርጉት

ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ደስ አይለኝም። እኛ አገር መንገድ የሚዘጋበት ሳምንት አለ። ለትምህርት ወይም ለሕክምና ወደ ባሕር ዳር ወይም ዓባይን ተሻግሮ ወደ አዲስ አበባ መመላለስ የሚጠይቅ ዕቅድ ካላችሁ አጠገቡ «መንገድ ከተዘጋ» ብላችሁ ሁለተኛ መስመር ጻፉ። ሞጁሉን አስቀድሞ ማሳተም፣ ፈተናውን በሚቀጥለው ተርም መውሰድ፣ የሐኪሙን ቀጠሮ አንድ ወር ቀደም ብሎ መያዝ። ባልፈጠራችሁት ነገር ራሳችሁን እንዳትወቅሱ ይህ መስመር ይጠቅማል።

መከለሻ ቀን ያዙ

ሦስት ቀን ይበቃል፦ ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ከመግባቱ በፊት አንዱን ማታ፣ የጥር ሰርግ ሲያልቅ፣ ከዚያ ሰኔ መጨረሻ። በእያንዳንዱ ቀን የሚጠየቀው አንድ ነው፤ የጻፍሁትን እያደረግሁ ነው? ወደ ኋላ ቀርታችሁ ከሆነ የቀረውን ደርባችሁ በሚቀጥለው ወር ላይ አትጫኑት። ሁለት ወር ያልቆጠበ ሰው በሦስተኛው 6,000 አስገባለሁ ካለ አራተኛውንም ያጣዋል። የድሮውን ቁጥር በአንድ መስመር ሰርዙት፣ እንዲነበብ ሆኖ ይቆይ፤ ከጎኑ በቀሩት ወራት የሚቻለውን አዲስ ቁጥርና ቀኑን ጻፉ፣ ካላንደሩንም ወደ ግድግዳው መልሱ።