ያገለገለ የሳተላይት ቲቪ ሪሲቨር ሲገዙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ ዳይሬክቲቪ እና ዲሽ የሚባሉት የሳተላይት ቲቪ ድርጅቶች ያገለገለ ሪሲቨር ማግኘት ቀላል ነው። ኢቤይ፣ ክሬግስሊስት ወይም ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ ገባ ብሎ መፈለግ ብቻ ነው፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ችግሩ ለሽያጭ ከሚወጡት ውስጥ ጥቂት የማይባሉት የሻጩ አለመሆናቸው ነው። አገልግሎቱን የሚሰጠው ድርጅት ለደንበኛው ያከራያቸው፣ አገልግሎቱ ሲቋረጥ መመለስ የነበረባቸው ዕቃዎች ናቸው። እንዲህ ያለውን ሪሲቨር የገዛ ሰው ቤቱ ወስዶ፣ ገመዱን አስገብቶ፣ ለማስከፈት ሲደውል ነው ነገሩን የሚሰማው።

ደረሰኝ አይቶ ማመን

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ዳይሬክቲቪ እ.ኤ.አ. ከማርች 1 ቀን 2006 ጀምሮ ለአዳዲስ ሪሲቨሮች የኪራይ አሠራር ዘረጋ። ሰዎች ግን እንደ ድሮው ሱቅ ገብተው ሪሲቨሩን ከመደርደሪያ አንስተው፣ ካሸር ጋ ከፍለው፣ በካርቶን ይዘው መውጣታቸውን ቀጠሉ። የከፈሉት ታዲያ የዕቃውን ዋጋ ሳይሆን የኪራይ ቅድሚያ ክፍያ ነበር። ውሉ ላይ ተጽፏል፤ ያን ሁሉ ደቃቅ ጽሑፍ ቆሞ የሚያነብ ግን ስንት ሰው አለ?

ስለዚህ ደረሰኝ የሚያሳይዎት ሻጭ የግድ አታላይ አይደለም። ገንዘብ ከፍሎ ያመጣው ስለሆነ ከልቡ የራሱ ይመስለዋል። አንዳንዱ ደግሞ መጀመሪያ በእርግጥ የራሱ ሪሲቨር ነበረው፤ ሲበላሽበት ድርጅቱ ሌላ ቀየረለት፣ የተቀየረው ግን በኪራይ ተመዘገበ። ሰውየው ያንን የሚያውቅበት ምክንያት የለውም። «ሳልመልስ ቀርቼ ቅጣቱን ከፍዬበታለሁ፣ አሁን የኔ ነው» የሚልም ይገጥምዎታል። ቅጣት መክፈሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ድርጅቱ መዝገቡን ካላስተካከለ ግን ለገዢው የሚፈይደው ነገር የለም።

የሻጩ ቅንነት፣ ደረሰኙ፣ ያልተከፈተው ካርቶን፣ «አዲስ» የሚለው ማስታወቂያ፣ ሁሉም ስለ ባለቤትነት አይናገሩም። ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚታወቀው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፦ ድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ፣ በዚያ ሪሲቨር ቁጥር ስር በሰፈረው መዝገብ።

ቁጥሩን ሳይቀበሉ መክፈል

ያ ቁጥር በዳይሬክቲቪ ሪሲቨር ላይ «ሪሲቨር አይዲ» ይባላል፤ 12 አሃዝ ነው። ቻናል የሚከፍት ካርድ በሚወስዱት ብዙዎቹ ሞዴሎች ላይ የፊት ለፊቷን ትንሽ በር ሲከፍቱ ካርዱ አጠገብ ተለጥፎ ያገኙታል። ካርዱም የራሱ 12 አሃዝ ቁጥር ስላለው ሁለቱ እንዳይምታቱብዎት፤ የሚፈልጉት የካርዱን ሳይሆን የሪሲቨሩን ነው። የዲሽ ሪሲቨር ቁጥር «አር» በሚለው የእንግሊዝኛ ፊደል ስለሚጀምር መለየቱ አያስቸግርም፤ ቲቪ ላይ ከተሰካ የሲስተም መረጃ ገጹ ላይም ይወጣል።

ሻጩ የመለያውን ወረቀት ፎቶ በግል መልእክት እንዲልክልዎ ይጠይቁ። ማስታወቂያው ላይ ቁጥሩን ቢሸፍነው ክፉ አይደለም፣ እንዲያውም ጥንቃቄ ነው። ለገዢው በግል ጭምር አልሰጥም ካለ ግን ሌላ ሻጭ ይፈልጉ። ዕቃው እጅዎ ሲገባም ፎቶው ላይ ያለው ቁጥርና ወረቀቱ ላይ ያለው አንድ መሆናቸውን ሳያዩ አይክፈሉ።

ደውሎ የተሳሳተ ጥያቄ መጠየቅ

ብዙ ሰው ድርጅቱ ጋ ይደውልና «ይሄ ሪሲቨር ይሠራል?» ብሎ ይጠይቃል። የስልኩ ሠራተኛ ሞዴሉን አይቶ «አዎ፣ ከሲስተማችን ጋር ይሠራል» ይላል። ደዋዩም ተረጋግቶ ይገዛል። የተመለሰለት ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

መጠየቅ ያለበት እንዲህ ነው፦ ይህ ቁጥር በመዝገባችሁ ላይ በኪራይ ነው ወይስ በግዢ የተያዘው? አሁን በሌላ ደንበኛ ስም ላይ አለ? ያልተከፈለ ሂሳብ ይዞታል? እኔ ባስገባው በስሜ «የግል ንብረት» ተብሎ ይመዘገባል? የመጨረሻዋ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ትረሳለች፤ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምፈራው እሷን ነው። ምክንያቱም ሪሲቨሩ ተከፍቶልዎትም በኪራይ ሊመዘገብ ይችላል። ያኔ በገዛ ገንዘብዎ የገዙትን ዕቃ አገልግሎቱን ሲያቋርጡ መልሱ ይባላሉ፤ ካልመለሱም ያስከፍሉዎታል። በዳይሬክቲቪ አሠራር በኪራይ የገባ ሪሲቨር የ24 ወር ውል ይዞ ሊመጣም ይችላል።

የስልክ ሠራተኞች መልስ አንዳንዴ አይገጥምም። የመጀመሪያው «ችግር የለውም» ቢልዎ ሌላ ቀን ደግመው ደውለው ሌላ ሰው ይጠይቁ። ደንበኛ ከሆኑ ደግሞ የተባሉት ነገር በሂሳብዎ ላይ በማስታወሻ እንዲሰፍር ያድርጉ።

ሲበራ አይቶ «ይሠራል» ማለት

መብራቱ በራ፣ ሜኑው መጣ፣ ሪሞቱ ታዘዘ። ይህ የሚያሳየው ኤሌክትሪኩ ደህና መሆኑን ነው፤ የኪራዩም የተሰረቀውም እኩል ይበራሉ። ሻጩ ቤት ቻናል ሲያሳይ ቢያዩትም የሚሠራው በእሱ ሂሳብ ነው። ውስጡ የተቀዳ ፊልም ካለም ዋጋ አይጨምሩለት፤ ቅጂው ለሪሲቨሩና ለሂሳቡ የተቆለፈ ስለሆነ እርስዎ ጋ አይከፈትም።

ካርዱንም እንዲሁ። ካርድ የሚጠቀሙት ሞዴሎች ላይ ካርዱ ከአንድ ሪሲቨር ጋር የተጣመረ ነው፤ ከሌላው ነቅለው ቢሰኩት አይሠራም። ብዙ ጊዜ ድርጅቱ አዲስ ካርድ እንዲገዙ ስለሚጠይቅ ያንን ወጪ ከዋጋው ላይ አስቀድመው ይደምሩ።

አሮጌ ስለሆነ የሰውየው ነው ብሎ መጽናናት

እውነት ነው፣ ከ2006 በፊት የተገዛ ሪሲቨር የግል የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ነገር ግን ያ ዘመን ኤምፔግ-2 የሚባለው የቆየ የሥዕል ማመቂያ ዘዴ ዘመን ነበር። ዳይሬክቲቪ የኤችዲ ቻናሎቹን ወደ አዲሱ ዘዴ፣ ወደ ኤምፔግ-4 ስላዞረ እነዚያ አሮጌዎቹ አያነቧቸውም። ያለ ጥርጥር የሻጩ የሆነው ዕቃ ከጥቅም የወጣ፣ ጥቅም የሚሰጠው ደግሞ በኪራይ የመሆን ዕድሉ የበዛ መሆኑ ነው የዚህ ገበያ ችግር። ከዚያ በኋላም በግዢ የተሸጡ አሉ። ለምሳሌ ዲሽ ለካምፕ መኪና ተጠቃሚዎች የሚያቀርበው ዋሊ የሚባለው ሪሲቨር በግዢ ይሸጣል። ዋሊም ቢሆን ታዲያ ከፊተኛው ባለቤት ሂሳብ ያልተላቀቀ ሊሆን ስለሚችል ያው ስልክ መደወል አይቀርም።

ትንሿን ሣጥን ብቻ መግዛት

የዳይሬክቲቪ ጂኒ ሚኒ እና የዲሽ ጆይ ትንንሽ፣ ቆንጆና ርካሽ ናቸው። ነገር ግን በራሳቸው ከሳተላይት ምንም አይቀበሉም፤ ሚኒው ጂኒ የሚባለውን፣ ጆይ ደግሞ ሆፐር የሚባለውን ዋና ሪሲቨር ይፈልጋል። ዋናው ሪሲቨር ቤትዎ ውስጥ ከሌለ አይግዙ።

ጣሪያ ላይ ያለውንም ያስቡበት። እንደ ኤችአር 44 እና ኤችአር 54 ያሉ የጂኒ ሞዴሎች ኤስ ደብሊው ኤም የሚባለውን ባለ አንድ ገመድ አሠራር ይፈልጋሉ። ከቆየ የሳተላይት ሳህንና የገመድ መከፋፈያ ጋር ከገጠሟቸው፣ ሪሲቨሩ የግልዎ ሆኖም ሥዕል አይመጣም።

ያለ ወርሃዊ ክፍያ ይከፍታል ብሎ መገመት

ነጻ ቻናል ለማየት አስበው የዳይሬክቲቪ ወይም የዲሽ ሪሲቨር የሚገዙ አሉ። አይሆንም። እነዚህ ያለ ድርጅቱ አገልግሎት ጥቅም የላቸውም። ለነጻ ቻናሎች የተሠራው ሪሲቨር ሌላ ነው፤ ከሱቅ የሚገዛ የግል ዕቃ ስለሆነ የኪራይ ጣጣ የለበትም። «ሪሲቨሩ የራሴ ከሆነ ወርሃዊው ይቀንስልኛል» ብለው ከሆነ የሚገዙት ደግሞ ሂሳቡን እንደገና ይሥሩት። ዳይሬክቲቪ ለተጨማሪ ቲቪ በየወሩ የሚያስከፍለውን በግል ሪሲቨርም ሲያስከፍል ኖሯል። የግል መሆኑ የሚጠቅመው ያለ መመለስ ግዴታ እና ያለ አዲስ ውል ለመገልገል ነው። ለዚህ ለዚህ ከድርጅቱ ራሱ መከራየት ስንት እንደሚያስወጣ መጀመሪያ ቢጠይቁ፣ ምናልባት ግዢውን ይተዉት ይሆናል።

የማይመለስ ገንዘብ መላክ

በዜል ወይም በፔይፓል «ለቤተሰብና ለወዳጅ» በሚለው መንገድ ከላኩ ገንዘቡን የሚያስመልስልዎት አካል አያገኙም። ለገዢ ጥበቃ ባለው መንገድ ይክፈሉ፤ በአካል ከተገናኙም ሻጩ አጠገብዎ ቆሞ እያለ ይደውሉ። ማስታወቂያው ላይ ወይም በመልእክት «በግዢ የተያዘ ነው፣ ዕዳ የለበትም፣ ካልተከፈተ እመልሳለሁ» ብሎ በጽሑፍ ያስቀምጥልዎ። ይህን ለመጻፍ የሚያቅማማ ሰው መልሱን ሰጥቶዎታል።

ከተሳሳቱ በኋላ ለሌላ ማስተላለፍ

ገዝተው ሲያበቁ የኪራይ መሆኑ ከተነገረዎ፣ በዚያው ቀን ለሻጩ ይጻፉ፤ በኢቤይ ከሆነ የገዛሁት ከማስታወቂያው ጋር አይገጥምም ብለው ጥያቄ ይክፈቱ፣ የመመለሻው ቀነ ገደብ እንዳያልፍብዎ። ድርጅቱ የነገረዎትን፣ የደወሉበትን ቀንና የሪሲቨሩን ቁጥር አብረው ያያይዙ። ሻጩ ጠፍቶ ገንዘቡ ከቀረ ደግሞ ወደ ድርጅቱ ደውለው ዕቃውን እንዴት እንደሚመልሱለት ይጠይቁ። ኪሳራውን ለማካካስ መልሶ ገበያ ላይ ማውጣት ግን አይሆንም፤ የመጀመሪያው ሻጭ ባያውቅ ነው ሊባል ይችል ነበር፣ እርስዎ ግን አውቀዋል።