«ጥሩ ነው፣ በርታ» ሲባሉ ምን ይደረግ? ቤት ውስጥ የተቀረጸ የጃዝ ፊውዥን ጊታር፦ ችግርና መፍትሄ

ጃዝ ፊውዥን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ የጃዝ ኮርዶችና በቅጽበት የሚፈጠር ሶሎ ከሮክና ከፈንክ ምት፣ ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከኪቦርድ ድምፅ ጋር ሲገናኙ የተወለደ ስልት ነው። ብዙ ኖታ፣ ብዙ ምትና ብዙ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ስለሚሸከም ቤት ውስጥ ሲቀረጽ የራሱ የሆነ ጣጣ ያመጣል፤ የቀረጻ ጉድለት የአጨዋወት ስህተት መስሎ ይሰማል፣ የቅንብር ጉድለት ደግሞ የቀረጻ ችግር ይመስላል። አድማጭ «እዚህ ጋ አንድ ነገር አልተመቸኝም» ሲል ስለ ቦታው አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ነው፤ «ሪቨርቡን (ማስተጋባቱን) ቀንሰው» ወይም «ጊታሩን ከፍ አድርገው» ሲል ግን መድኃኒቱን እየገመተ ነው። በዚህ ምክንያት ከታች ያሉት ችግሮች የቀረቡት አድማጮች ራሳቸው በሚናገሩበት አባባል ሲሆን፣ ከእያንዳንዱ አባባል ጀርባ ሊኖር የሚችለው መንስኤና ማስተካከያው አብሮ ተጽፏል።

መልስ የለም፣ ወይም «ጥሩ ነው» ብቻ

ከሁሉም የሚበዛው ችግር ይህ ሲሆን መንስኤው ብዙ ጊዜ ሙዚቃው ሳይሆን ጥያቄው ነው። «ስሙትና አስተያየት ስጡኝ» ተብሎ የስድስት ደቂቃ ሥራ የተላከለት ሰው ሙዚቀኛ ካልሆነ ከምን እንደሚጀምር አያውቅም፤ ሙዚቀኛ ከሆነ ደግሞ ላኪው እውነቱን ይሁን ማበረታቻ የሚፈልገው ስለማይገባው ወደ ይሉኝታው ያዘነብላል። በሁለቱም ዘንድ «ጥሩ ነው» የሚለው መልስ ከሰላምታ አያልፍም።

መፍትሄው ጥያቄውን ማጥበብ ነው። ለምሳሌ እንዲህ ተብሎ ሊላክ ይችላል፦ «ከ1 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ያለውን ብቻ ቢሰሙልኝ ይበቃል። ባሱ ከጊታሩ ተለይቶ ይሰማል? ሶሎው ላይ ሐሳብዎ ወደ ሌላ ነገር የሄደበት ቦታ ካለ ሰከንዱን ብቻ ይንገሩኝ።» ሁለተኛውን ጥያቄ ለመመለስ የሙዚቃ ትምህርት አያስፈልግም፤ አንድ ቁጥር ብቻ ቢመጣም የሚሠራበት መረጃ ነው። ሳውንድክላውድ ላይ አስተያየቱን በድምፁ ሞገድ ላይ በትክክለኛው ሰከንድ ማስቀመጥ ስለሚቻል አድማጭን ወደዚያ መምራት ይጠቅማል፤ ዩቲዩብም አድማጮች የት ላይ እንደሚያቋርጡ የሚያሳይ ግራፍ ለባለቤቱ ያቀርባል፤ ይህ ግራፍ ይሉኝታ የሌለበት አስተያየት ነው።

ለማን እንደሚላክም ለውጥ ያመጣል። ጊታር ተጫዋች ለጊታር ተጫዋች ሲልክ ውይይቱ ቶሎ ወደ ፔዳልና ወደ ፒክአፕ (የክሩን ንቅናቄ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ክፍል) ይዞራል፣ ቅንብሩም ተረስቶ ይቀራል። በእኔ እምነት ለፊውዥን ጊታር ሥራ ከሁሉ የሚጠቅሙት አስተያየት ሰጪዎች ባስ ተጫዋቾችና ድራም መቺዎች ናቸው፤ ጊታር ተጫዋቹ ያልሰማውን ሁሉ ይሰማሉ፣ ሶሎው ምቱን ትቶ ሲሄድም መጀመሪያ የሚከፋቸው እነርሱ ናቸው።

ሌላው መንስኤ መግቢያው ነው። አርባ ሰከንድ የሚቆይ የኪቦርድ ጭጋግ በመድረክ ላይ ያምራል፤ በስልክ የሚያዳምጥ ሰው ግን ጊታሩ ሳይገባ ሊያልፈው ይችላል። ስፖቲፋይ እንኳ አንድን ሥራ እንደተደመጠ የሚቆጥረው ቢያንስ 30 ሰከንድ ሲደመጥ ነው። መግቢያውን ከሥራው መሰረዝ አያስፈልግም፤ ለአስተያየት የሚላከው ቅጂ ግን ዋናው ዜማ ከሚጀምርበት ቢነሳ መልካም ነው።

«ጊታሩ ጠፋ»፣ «ሁሉም ተደበላለቀ»

እንዲህ ሲባል የመጀመሪያው ፈተና የጊታሩን ድምፅ ከፍ ማድረግ ይሆናል፤ ከዚያ ኪቦርዱ ያንሳል፣ ኪቦርዱ ከፍ ይላል፣ ባሱ ይዋጣል፣ ሁሉም ከፍ ብሎ ሲያበቃ ድብልቅልቁ እንደነበረ ይቀራል። መንስኤው ብዙ ጊዜ በሚክሲንግ ሰሌዳው ላይ ሳይሆን በኮርዱ አያያዝ ላይ ነው። የጊታር ወፍራሙ ክር 82 ሄርዝ ገደማ፣ የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር ደግሞ 41 ሄርዝ ገደማ ላይ ስለሚንቀጠቀጡ፣ ጊታሩ በስድስቱም ክሮች ሙሉ ኮርድ ሲይዝ የታችኞቹ ኖታዎቹ ባሱ የሚጫወትበት ክልል ውስጥ ይገባሉ፤ በላዩ የኪቦርዱ ግራ እጅ ሲጨመርበት ከ200 እስከ 500 ሄርዝ ያለው ቦታ ይጨናነቃል።

መለያው ቀላል ነው፦ ኪቦርዱን ዝም አሰኝተው ያዳምጡ። ጊታሩ ወዲያው ብቅ ካለ ችግሩ የቅንብር ነው። በዶ ላይ የቆመ የሰባተኛ ኮርድ ሲመጣ ባሱ ዶን ስለሚይዝ ጊታሩ ዶን መድገም አያስፈልገውም፤ የኮርዱን ጠባይ የሚናገሩት ሚ እና ሲ ቤሞል (በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሲ) ናቸው፣ ቀለም ከተፈለገ ላ ይጨመራል፤ ሦስት ኖታ ይበቃል። ኪቦርዱ ከዚያ በላይ ባለው ኦክታቭ ላይ ይቀመጥ፣ ወይም ጊታሩ ሲናገር እርሱ ይረፍ። ከዚህ በኋላ በኢኩዋላይዘር (የወፍራምና የቀጭን ድምፅ መጠን ማስተካከያ) ከጊታሩ ላይ ከ80 እስከ 100 ሄርዝ በታች ያለውን መቁረጥና ሪቨርቡን መቀነስ የተረፈውን ያጠራዋል። ይህን ቅደም ተከተል ገልብጦ ከኢኩዋላይዘር የሚጀምር ሰው ድምፁን አቅጥኖ ይጨርሳል።

«ኮርዱ ተሳስቷል»፣ ኮርዱ ግን አልተሳሳተም

ለፊውዥን ጊታር ልዩ የሆነው ችግር ይህ ነው፤ ብዙ ሰውም መንስኤውን ሳያውቅ ጣቱን ይወቅሳል። ዲስቶርሽን (የጊታሩን ድምፅ ሆን ብሎ የሚያሻክረው ውጤት) ሁለት ኖታዎች ሲገቡበት የሁለቱን ድምርና ልዩነት የሆኑ አዳዲስ ድምፆችን ይፈጥራል። ኖታዎቹ በአምስተኛ ርቀት ላይ ሲሆኑ አዲሶቹ ድምፆች ከኮርዱ ጋር ስለሚስማሙ ሮክ ጊታር በሁለት ኖታ ኮርድ ይደምቃል። ከላይ በጠቀስነው ኮርድ ግን ነገሩ ይለወጣል፦ ሚ 330 ሄርዝ፣ በላዩ ያለው ሲ ቤሞል 466 ሄርዝ ገደማ ሲሆኑ ልዩነታቸው 136 ሄርዝ አካባቢ ይወድቃል። ይህ ማንም ያልተጫወተው ዶ ዲዬዝ (በግማሽ ድምፅ ከፍ ያለ ዶ) ለመሆን ጥቂት የቀረው ድምፅ ነው፤ ባሱ ደግሞ ዶን ይዟል። አድማጩ ተሳስቷል ያለው እውነትም የተሳሳተ ድምፅ ሰምቶ ነው፤ የተጫወተው ግን ሰው ሳይሆን ዲስቶርሽኑ ነው።

ማስተካከያው ኮርድ በሚያዝበት ቦታ የጊታሩን ቮልዩም ዝቅ አድርጎ ዲስቶርሽኑን ማለዘብ፣ ሶሎው ሲመጣ መመለስ ነው። ዲስቶርሽኑ የግድ ከተፈለገ የኮርዱን ኖታዎች አንድ በአንድ በተለያዩ ትራኮች ላይ መቅረጽና እያንዳንዱን ለብቻው በዲስቶርሽን ማሳለፍ ይቻላል፤ ኖታዎቹ በአንድ ዲስቶርሽን ውስጥ ስለማይገናኙ ትርፍ ድምፁ አይፈጠርም። አድካሚ ነው፣ ውጤቱ ግን የነሐስ መሣሪያዎች ክፍል የሚመስል ጥራት አለው።

«ጆሮ ይወጋል» ወይም «ደንዝዟል»

ጊታሩ በቀጥታ ወደ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ድምፅን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው ዕቃ) ተሰክቶ በዲስቶርሽን ሲቀረጽና ንብ የገባበት ሲመስል፣ የጎደለው የስፒከር ማስመሰያ ነው። የጊታር አምፕሊፋየር ስፒከር ከ5 ኪሎ ሄርዝ ገደማ በላይ ያለውን በኃይል ይቀንሳል፤ ማስመሰያው ካልበራ ያ ሁሉ እዝዝታ ሳይጣራ ይገባል። በማይክ ከአምፕሊፋየር ለሚቀርጽ ሰው ደግሞ ማይኩን ከስፒከሩ መሐል ወደ ጠርዙ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ማንቀሳቀስ ከማንኛውም ኢኩዋላይዘር በላይ ይሠራል።

ድምፁ ደንዝዞ ከተገኘ ጊታሩ የተሰካበትን ቀዳዳ ይመልከቱ። የተለመደው የጊታር ፒክአፕ 1 ሜጋ ኦም ገደማ የሆነ የመሣሪያ መግቢያ ይፈልጋል፤ ለኪቦርድና ለመሰል ዕቃ በተዘጋጀው መግቢያ ሲሰካ ላይኛው ድምፅ ይሞታል። ብዙ ኢንተርፌሶች ለዚህ የጊታር ሥዕል ያለበት ቁልፍ አላቸው። የሚሰነጠቅ ድምፅ ሲሆን መፍትሄው አጭር ነው፦ በ24 ቢት ቀርጸው ከፍተኛው ድምፅ -10 ዴሲቤል አካባቢ እንዲቆም ያድርጉ፤ ተቆርጦ የገባ ድምፅ በኋላ ሙሉ በሙሉ አይጠገንም።

«ከኋላ እምም የሚል ነገር አለ»

ጊታሩን ይዘው በቦታዎ ቀስ ብለው ይዙሩ። እምም የሚለው ድምፅ በአንድ አቅጣጫ ከቀነሰ ምንጩ ሲንግል ኮይል ፒክአፕ የሚለቅመው የመብራት ድምፅ ነው፤ ከስክሪንና ከትራንስፎርመር መራቅ ወይም ሀምበከር (ይህን ድምፅ የሚሰርዝ ባለሁለት ጥቅል ፒክአፕ) መጠቀም ይረዳል። የላፕቶፑ ቻርጀር ሲነቀል ከጠፋ በባትሪ ይቅረጹ። የሶኬቱን የመሬት መስመር መንቀል ግን፣ እምም የሚለውን ድምፅ ቢያጠፋም፣ ሕይወትን አደጋ ላይ ስለሚጥል ፈጽሞ አይደረግም።

«ምቱ ይንሸራተታል»

እዚህ ላይ ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቃል ይጠራሉ። አንደኛው የኮምፒውተሩ መዘግየት ነው፤ በ48 ኪሎ ሄርዝ ሲቀረጽ የ128 ሳምፕል በፈር (ኮምፒውተሩ ድምፁን ለጊዜው የሚያጠራቅምበት ማቆያ) 2.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ሲያዘገይ፣ የ1024 ሳምፕል በፈር 21 ሚሊ ሰከንድ ያዘገያል፤ ይህ ወደ ውስጥ በሚገባበት ብቻ ሲሆን ሲወጣም ሌላ ይጨመራል። ሲቀርጹ በፈሩን ዝቅ፣ ሚክስ ሲያደርጉ ከፍ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ትራኩ ከተቀረጸ በኋላ በስህተት ወደ ኋላ ተጎትቶ መቀመጡ ሲሆን፣ የሜትሮኖሙን ድምፅ በኬብል ከኢንተርፌሱ መውጫ ወደ መግቢያው መልሶ በመቅረጽና ሁለቱን ሞገዶች አጉልቶ በማነጻጸር ይረጋገጣል፤ ካልተገጣጠሙ ልዩነቱ በፕሮግራሙ የመዘግየት ማካካሻ ውስጥ ይሞላል።

ሦስተኛው ምንም ስህተት አለመኖሩ ነው። ሥራው በሰባት ስምንተኛ ምት ከተጻፈ፣ በአራት ምት የለመደ ጆሮ በየመስመሩ መጨረሻ አንድ ነገር የተሰረቀበት ይመስለዋል። ይህን በኮምፒውተር ማስተካከል ሙዚቃውን ማጥፋት ነው፤ ይልቁን ድራሙ የምቱን አከፋፈል፣ ለምሳሌ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ፣ በግልጽ ቢያጎላና ባሱ ለጥቂት መስመሮች ያንኑ ቢደግም አድማጩ መርገጫ ያገኛል። በፕሮግራም የተሠራ ድራም ከሆነም ሁሉም ምት እኩል ጉልበት ካለው ይህን ማድረግ አይችልም፤ የስኔር ድራሙን ቀላል ምቶች ከዋናዎቹ በጣም ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል።

«ስልኬ ላይ ባሱ የለም»

የስልክ ስፒከር 41 ሄርዝን ማውጣት አይችልም። ባሱ ላይ ጥቂት ሳቹሬሽን (ለስላሳ ዲስቶርሽን) ሲጨመር ከመሠረታዊው ኖታ በላይ ያሉት ድምፆች ይጎላሉ፤ ጆሮም የጎደለውን ከእነርሱ ይሞላል። የጠፋው ባሱ ሳይሆን ጊታሩ ከሆነ፣ የስቴሪዮ ኮረስ ወይም ማስፊያ ተጠቅመው እንደሆነ ይፈትሹ፤ ግራና ቀኙ ወደ አንድ (ወደ ሞኖ) ሲጠቃለሉ እርስ በርስ ይጠፋፋሉና ከመላክዎ በፊት ሚክሱን በሞኖ ይስሙ። ሲልኩም በመልእክት መተግበሪያ የድምፅ መልእክት አድርገው ሳይሆን በፋይልነቱ ይላኩ። ማስተሪንጉን (የመጨረሻውን የድምፅ ማስተካከያ) ስለማስጮኽ አይጨነቁ፤ ስፖቲፋይና ዩቲዩብ ከ-14 ሉፍስ (የድምፅ ጩኸት መለኪያ) ገደማ በላይ የጮኸውን ራሳቸው ዝቅ ያደርጉታል።

«ሶሎው ረዘመ»

የሚረዝመው ሶሎ ሁልጊዜ ረጅም አይደለም። ለሁለት ደቂቃ በአንድ ጉልበት፣ በአንድ ኦክታቭና ያለ ዕረፍት በአሥራ ስድስተኛ ኖታ የሄደ ሶሎ ረዘመ ይባላል፤ ከዚያ የሚረዝም፣ ነገር ግን በሦስት ኖታ ሐሳብ ጀምሮ ያንን ሐሳብ እየለወጠ የሚወጣ ሶሎ ረዘመ አይባልም። መቀሱን ከማንሳትዎ በፊት ሶሎውን ያለ ጊታር በአፍዎ ያዜሙት፤ ትንፋሽ ያጠረበት ቦታ ላይ ኖታ ይቀነስ። ቀጥሎ ማጀቢያውን ይመልከቱ፦ ሶሎው ሲያድግ ድራሙና ኪቦርዱ በተዘጋጀ ዑደት ላይ ከተቀመጡ፣ ጊታሩ ብቻውን እየጮኸ ነው። ለሶሎው ሁለተኛ ዙር የድራም ትራኩን እንደገና መጻፍ ብዙ ጊዜ ከሶሎው ላይ ከመቁረጥ ይሻላል።

አንዱ «ድንቅ»፣ ሌላው «አይሆንም» ሲል

አስተያየቶቹን ቦታና ጣዕም ብለው ይለያዩ። የማይተዋወቁ ሰዎች በአንድ ሰከንድ አካባቢ ከተገናኙ፣ የሰጡት ምክንያት ቢጋጭም እንኳ፣ እዚያ ችግር አለ። «ዲስቶርሽን አልወድም» የሚለው ግን ጣዕም ስለሆነ ይመስገንና ይለፍ። ለሚተቸው ሰው ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ አያስረዱ፤ ካስረዱት በኋላ የሚሰማው ሙዚቃውን ሳይሆን ማብራሪያዎን ነው።

ሁለት ቅጂ አስመርጠው ከሆነ ድምፃቸው እኩል መሆኑን ያረጋግጡ፤ ትንሽ ከፍ ያለው ብዙ ጊዜ የተሻለ ይመስላልና ምርጫው ከንቱ ይሆናል። የተስተካከለውን ሥራ ሲልኩ ደግሞ አንዱ ከመጀመሪያው ዙር፣ አንዱ ፍጹም አዲስ አድማጭ ይሁን፤ የቀድሞው የሚያዳምጠው ለውጡን ነው፣ ሥራውን እንደ ሥራ የሚሰማልዎ አዲሱ ነው።