የበግ እድገት ስንት እጁ ከዘር ነው? ራሳችሁ አስሉት

ለፋሲካ ቀድሞ ገበያ የሚወጣው ቶሎ ያደገው ጠቦት ነው። ያንገበግበኛል! ለዘር መቅረት የነበረበት ይታረድና ቀጫጫው አባት ይሆናል። ግን የደለበ ሁሉም ጥሩ ዘር አይደለም። እናቱ ወተታም ስለሆነች ወይም መንታ ስላልሆነ ሊሆን ይችላል። ከክብደት ልዩነቱ ስንት እጁ ከዘር እንደመጣ የሚነግረን ቁጥር ተወራሽነት ይባላል፤ ከ0 እስከ 1 ነው።

ዋናው ሥራ አባትን ማወቅ ነው። በጋራ ግጦሽ የትኛው አውራ የትኛዋን እናት እንደሰረረ አይታወቅም። ስለዚህ 20 ያህል እናት በጎችን በዕጣ ለአንድ አውራ መድቡና 35 ቀን ለብቻ አቆዩአቸው፤ ዑደታቸው 17 ቀን ገደማ ስለሆነ ሁለት ዙር ይደርሳል። ምርጥ እናቶችን ለምርጥ አውራ ከሰጣችሁ ስሌቱ ተበላሸ። አውራ በግ ደግሞ ብዙ ያስፈልጋል፣ በአምስት አባት የተሠራ ስሌት አይታመንም። አንድ ገበሬ ይህን አይችልም። መንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 እንደተጀመረው የበግ ማሻሻያ ሥራ ከጎረቤት ጋር ተባበሩ።

ግልገሉ በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ መዝኑት፣ የጆሮ ቁጥር አድርጉለት፣ ጾታውን፣ መንታነቱንና የእናቱን ስንተኛ ወሊድ ጻፉ። ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው እንደገና መዝኑ። ሲወለድ 2.5፣ በ99 ቀኑ 12.4 ኪሎ ከሆነ በቀን 0.1 ኪሎ ጨምሯል፤ በ90 ቀን 11.5 ነበር ማለት ነው። ሁሉንም እንዲህ ወደ 90 ቀን አምጡ። ከዚያ እያንዳንዱን ከመሰሎቹ አማካይ ጋር አወዳድሩ፣ ወንድ መንታን ከወንድ መንታ።

ቀጥሎ በእነዚህ ልዩነቶች ላይ አኖቫ በአባት ሥሩ፤ አኖቫ ልዩነቱን በአባቶች መካከል ያለውና በአንድ አባት ልጆች መካከል ያለው ብሎ የሚከፍል ስሌት ነው፤ ኤክሴል ይበቃል። ለምሳሌ እያንዳንዱ አውራ 16 ልጅ ቢኖረው፣ በአባቶች መካከል ያለው አማካይ ስኩዌር (አኖቫው የሚያወጣው የልዩነት መለኪያ) 7.75፣ በአንድ አባት ልጆች መካከል ያለው 3.75 ቢሆን፣ ልዩነቱን ለ16 ስናካፍል የአባት ድርሻ 0.25 ይሆናል። ጠቅላላው 0.25 ሲደመር 3.75፣ ማለትም 4 ነው። የአንድ አባት ልጆች የሚጋሩት የዘር ልዩነቱን ሩብ ብቻ ስለሆነ 0.25ን በ4 አባዙና ለ4 አካፍሉ፦ ተወራሽነቱ 0.25።

ከመንጋው በ3 ኪሎ የሚበልጡ አውራዎችን ብትመርጡና እናቶቹን ባትመርጡ፣ የምርጫው ጫና (የወላጆቹ አማካይ ብልጫ) ግማሹ 1.5 ነው፤ በ0.25 ሲባዛ በአንድ ትውልድ 375 ግራም ታገኛላችሁ።

የ90 ቀን ክብደት ላይ የእናት ወተት ገና ይጫነዋል። ለዘር የሚቀረውን ከመወሰናችሁ በፊት በ6 ወሩ አንዴ ድገሙት።