ፊቱ አልታዘዝ ያለ የብረት ማውንቴን ብስክሌት፦ የፎርክ ርዝመትና የፍሬም ልክ

ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ስለዚህ ልኩ የተዛባ ብስክሌት ሳይታወቅበት ለብዙ ጊዜ ይነዳል። በሐይቁ ዳር አስፋልት፣ በዘንባባው ጥላ ስር፣ የትኛውም ብስክሌት ደህና ይመስላል። ጉዱ የሚወጣው ወደ ቤዛዊት ሽቅብ ሲወጣ ወይም ኮረኮንች ሲይዝ ነው። ያኔ ሰው ኩሽኔታ ይቀይራል፣ ቸርኬ ያስተካክላል፣ ጎማ ይለውጣል። ብዙ ጊዜ ግን የተሰበረ ዕቃ የለም። ፎርኩ፣ ማለትም የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ፣ ለዚያ ፍሬም አልተሠራም፣ ወይም ፍሬሙ ለዚያ ሰው አይሆንም።

የምጽፈው ከኋላ ሾክ ስለሌለው፣ ከፊት ብቻ ሾክ ስላለው የብረት ማውንቴን ብስክሌት ነው። ጎማው አየር እንዳለው፣ የመሪው ኩሽኔታ እንዳልላላ፣ ቸርኬው እንዳልተጣመመ አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ምልክት፦ ሽቅብ ላይ ፊቱ ይነሳል፣ በዝግታ ሲሄዱ መሪው ወደ ጎን ይወድቃል

ሁልጊዜ የማየው ይሄንን ነው። ምክንያቱ ፎርኩ ለፍሬሙ መርዘሙ ነው።

ነገሩ እንዲህ ይጀምራል። የድሮው ፎርክ ዘይት ይጥላል ወይም ዝጎ ይደርቃል። ባለቤቱ ገበያ ይወጣል። የ26 ኢንች ጎማ ፎርክ ይጠፋል። ሻጩ የ29 አውጥቶ «አንገቱ እኩል ነው፣ ይገባል» ይለዋል። እውነት ነው፣ ወደ ፍሬሙ የመሪ ቱቦ የሚገባው አንገቱ እኩል ስለሆነ ይገባል። ሰውየው ደስ ብሎት ይሄዳል፤ ፊቱ ከፍ ብሎ ስለሚታይ እንዲያውም አዲስ ብስክሌት የገዛ ይመስለዋል። ብስክሌቱ የተበላሸው ግን በዚያች ሰዓት ነው።

የፎርክ ርዝመት የሚለካው ከጎማው ፐርኖ መሃል እስከ ፎርኩ ትከሻ፣ ማለትም የታችኛው ኩሽኔታ እስከሚቀመጥበት ድረስ ነው። ሜትሩን ከፎርኩ አንገት ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ያዙት። ሾኩ 80 ሚሊ ሜትር የሚሰምጥ የ26 ፎርክ 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 100 የሚሰምጠው 47 ገደማ ይሆናል። 100 የሚሰምጥ የ27.5 ፎርክ ወደ 49፣ የ29 ደግሞ ወደ 51 ይደርሳል። 120 የሚሰምጥ የ29 ፎርክ 53 ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ ብዙ የብረት ፍሬሞች ደግሞ ጭራሽ ሾክ ለሌለው፣ ከ40 ሴንቲ ሜትር እምብዛም ለማይርቅ ፎርክ ነው የታሰቡት።

አሁን አስሉት። ፎርክ በ2 ሴንቲ ሜትር በረዘመ ቁጥር ፍሬሙ በ1 ዲግሪ ገደማ ወደ ኋላ ይጋደማል። ለ45 የተሠራ ፍሬም ላይ የ51 ፎርክ ስትገጥሙ 3 ዲግሪ ሄደ ማለት ነው። 71 ዲግሪ የነበረው የመሪ ቱቦ 68 ይሆናል። 73 የነበረው የመቀመጫ ቱቦ 70 ይሆናል። ፔዳሉ ከመሬት 2 ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ይነሳል። ከዚያ በላይ የ29 ጎማ ከጨመራችሁበት ፊቱ ሌላ 3 ሴንቲ ሜትር ተኩል ይወጣል። ክብደታችሁ ከኋላ ጎማ ላይ ያርፋል። ሽቅብ ላይ የፊት ጎማ የሚነሳው ለዚህ ነው።

«የዘንድሮ ብስክሌቶች የመሪ ቱቦ እኮ 65 እና 66 ዲግሪ ነው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ልክ ነው። ግን እነዚያ ፍሬሞች ከፋብሪካው ሲወጡ የላይኛው ቱቧቸው ረጅም፣ የመቀመጫ ቱቧቸው ቀጥ ያለ ሆኖ ነው። አሮጌ ፍሬም ላይ ረጅም ፎርክ ሲገባ ሁለቱም ቱቦዎች አብረው ይጋደማሉ። መሪው ይቀርባችኋል፣ መቀመጫው ይርቃል። የአዲሱን ጥቅም አታገኙም፣ የአሮጌውንም ታጣላችሁ።

የዓባይ ማዶ ልጅ ነው፣ በብስክሌት ዕቃ የሚያደርስ። ብስክሌቱ «ይሰክራል» ብሎ መጣ። ኩሽኔታ ሁለት ጊዜ አስቀይሯል። ባጃጅ ሲጠጋው ፍጥነት ሲቀንስ መሪው በራሱ ይታጠፍበታል። ፎርኩን ስለካው 52 ሴንቲ ሜትር ሆነ፤ ፍሬሙ ግን የተሠራው 80 ሚሊ ሜትር ለሚሰምጥ ፎርክ ነው። ለኩሽኔታ ያወጣው ገንዘብ የደህና አሮጌ ፎርክ ግማሽ ዋጋ ይሆናል። ሜትር ይዞ የመጣ አንድ ሠራተኛ ቢያጋጥመው ይሄ ሁሉ ባልደረሰበት። ሳይለኩ ዕቃ የሚቀይሩ ሰዎች በጣም ያናድዱኛል። ሜትር በኪስ የሚያዝ ነገር ነው።

ሌላው እንግዳ ይዞ ወደ ዘጌ የሚነዳ ልጅ ነው። ፎርኩን ያስረዘመው «ድንጋዩን እንዲችልልኝ» ብሎ ነው። ድንጋዩን ቻለለት። በቡናው ጫካ ውስጥ ባሉት ጠባብ መንገዶች ግን መታጠፍ አቃተው። የ100 ፎርክ ስንመልስለት በዚያው መንገድ ላይ እግሩን መሬት ሳያስነካ ያልፍ ጀመር።

መፍትሄ፦ የመጀመሪያው ፎርክ ካለ እሱን ለኩና ተመሳሳዩን ግዙ። ከዚያ በላይ 2 ሴንቲ ሜትር ብትጨምሩ ይቻላል፤ ከዚያ አትለፉ። የመጀመሪያው ከሌለ ስልካችሁን አውጡ። ብስክሌቱን ደልዳላ ወለል ላይ አቁሙና የስልኩን የዲግሪ መለኪያ የመቀመጫ ቱቦው ላይ ለጥፉት። 72 እስከ 74 ካሳየ ደህና ነው። 70 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ፎርኩ ረጅም ነው። በ26 ጎማ የፔዳሉ ማዕከል ከመሬት 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ መሆን አለበት። 33 ካለፈ ጥርጣሬ አይኑራችሁ።

ሌላ ፎርክ ለመግዛት አቅም ከሌለ ብዙ ፎርኮች ውስጣቸው ማሳጠሪያ ቀለበት ይቀበላሉ። ከ120 ወደ 100፣ ከ100 ወደ 80 ይወርዳሉ፤ ባጠረው ልክ ቁመታቸውም ይቀንሳል። ሞላውን ቆርጦ ማሳጠር ግን አይደለም! የተቆረጠ ሞላ እስከ መጨረሻው እየሰመጠ ብረት ከብረት ያጋጫል። ይሄንን የሚሠራላችሁ ቤት ካለ ብስክሌታችሁን ይዛችሁ ውጡ። መቀመጫውን በሐዲዱ ወደፊት መግፋትና ከመሪው ስር ያሉትን ቀለበቶች ማውጣት ትንሽ ይረዳል። ችግሩን አይፈታውም።

ምልክት፦ ከመሪው ቱቦ ኋላ ቀለም ተሸብሽቧል ወይም ተሰንጥቋል

ይሄ የላይኛው ችግር ልጅ ነው፤ አደገኛውም እሱ ነው። ረጅም ፎርክ ልክ ረጅም ቺያቬ ቡሎን ላይ እንደሚበረታው የመሪውን ቱቦ ያስጨንቃል። ብረት ደግነቱ ከመሰበሩ በፊት ይናገራል። የታችኛው ቱቦ ከመሪው ጋር በተበየደበት ቦታ፣ በስሩ በኩል፣ ጣታችሁን አስኪዱት። እብጠት ወይም የተጨማደደ ቀለም ካለ መንዳት አቁሙ። ዛሬውኑ። ወደ ቤትም እየገፋችሁ ሂዱ።

ቀጥሎ የሚሠራው ስህተት ይብሳል። ባለቤቱ በር ወደሚሠራ በያጅ ይወስደዋል። በያጁ በኤሌክትሮድ ይደፍነዋል፣ ቀለም ይቀባል፣ ያምራል። የጥሩ ክሮሞሊ (ክሮምና ሞሊብዲነም ያለበት ብረት) ቱቦ ውፍረት ግን ጫፉ ላይ እንኳ 1 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ መሃሉማ ከዚያም ይሳሳል። የኤሌክትሮድ እሳት ከዳር ዳር ያቃጥለዋል። ስንጥቁ ከብየዳው ጎን እንደገና ይወጣል፣ ይሄኛው ደግሞ ሳይናገር ነው የሚሰበረው። ከቤዛዊት ቁልቁል ሲወርድ ፊቱ ተገንጥሎ የወደቀ ልጅ አውቃለሁ። ጥርሱ ነው የሄደው። በኦክስጅን በናስ የሚበይድ፣ ቀጭን ቱቦ የሚያውቅ ሰው ካገኛችሁ ትንሽ ስንጥቅ ይድናል። ያበጠና የታጠፈ ቱቦ ግን አይድንም። ደግሞም ፎርኩ ሳይቀየር ፍሬም ማስበየድ ገንዘብ መጣል ነው።

ምልክት፦ ፊቱ ይደፋል፣ ፔዳል ድንጋይ ይመታል

ፎርኩ አጥሯል። የሾክ ፎርክ አውጥተው የከተማ ብስክሌት ደረቅ ፎርክ ሲያስገቡ የሚመጣ ነው። ደረቅ ፎርክ ሲመረጥ የሾኩን ሙሉ ርዝመት አትውሰዱ። ሰው ሲቀመጥበት የሚወርደውን፣ ማለትም ሾኩ በሙሉ ከሚሰምጠው አንድ አራተኛ ገደማ፣ ቀንሱ። 100 የሚሰምጠው 47 ከነበረ 44 ተኩል ያለው ይስማማል።

ሌላው ምክንያት ያለው ፎርክ ሰምጦ መቅረቱ ነው። የርካሽ ፎርክ ሞላ ደክሞ ሰው ሲቀመጥበት ግማሹን ይወርዳል። እግሩ ላይ ቀጭን ላስቲክ እሰሩ፣ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ውረዱ፤ ላስቲኩ የተንሸራተተውን ለኩ። ከ100ው 20 እስከ 25 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። 50 ከሆነ በተቀመጣችሁ ቁጥር አጭር ፎርክ ነው የምትነዱት። ብስክሌታቸውን ሐይቁ ውስጥ አስገብተው የሚያጥቡ ሰዎች ፎርካቸው ቶሎ ይደርቃል። ውሃው በመቀመጫው ቱቦም ይገባና ፔዳሉ ማዕከል ውስጥ ተኝቶ ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። በጨርቅና በባልዲ እጠቡ፤ ክረምት ሲወጣ መቀመጫውን አውጥታችሁ ብስክሌቱን ገልብጡትና ውሃው ይፍሰስ።

ምልክት፦ መዳፍ ይደነዝዛል፣ አንገት ይይዛል፣ ወይም ጉልበት መሪ ሊነካ ይደርሳል

እዚህ የፍሬሙ ልክ ነው የሚጠየቀው። ግን መጀመሪያ ፎርኩን አስተካክሉ። ረጅም ፎርክ የላይኛውን ቱቦ ወደ ላይ ያነሳዋል፣ መሪውን ደግሞ ወደናንተ ያቀርበዋል። ስለዚህ ፍሬሙ ለእግር ትልቅ፣ ለእጅ ትንሽ ሆኖ ይሰማል። ባለቤቱ ግራ ይገባውና ፍሬሙን ይሸጠዋል።

ፎርኩ ልክ ከሆነ በባዶ እግር ግድግዳ ተደግፋችሁ ቁሙ። መጽሐፍ በእግራችሁ መሃል አጥብቃችሁ ያዙና ከወለል እስከ መጽሐፉ አናት ለኩ። የላይኛው ቱቦ ከዚያ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። ፍሬሙ ላይ የተጻፈው ኢንች ከፔዳሉ ማዕከል እስከ መቀመጫው ቱቦ ጫፍ ያለው ነው። ለ1 ሜትር ከ65 ሰው 16 ገደማ፣ ለ1 ሜትር ከ75 ሰው 18፣ ለ1 ሜትር ከ85 ሰው 20 ይሆናል። ቁጥሩ ብቻውን ግን አይበቃም። የላይኛውን ቱቦ አግድም ለኩት፦ ለእነዚሁ ሦስት ቁመቶች 56፣ 59 እና 61 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ፈልጉ። በሁለት ልክ መሃል ከሆናችሁ፣ ለኮረኮንች ትንሹን፣ ለአስፋልት ትልቁን ያዙ።

ትንሹን የሚወስዱ ሰዎች አንድ ነገር መርሳት የለባቸውም፦ የመቀመጫው ዘንግ ላይ ያለው የመጨረሻ መስመር። ዘንጉ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ መግባትና ጫፉ ከላይኛው ቱቦ መጋጠሚያ በታች መውረድ አለበት። ፔዳ (የዩኒቨርሲቲው ግቢ) አካባቢ የሚማር ረጅም ልጅ ባለ 16 ፍሬም ይዞ መጣ። ዘንጉ አልበቃ ስላለው የውሃ ቧንቧ አስቆርጦ፣ በቆርቆሮ ጠቅልሎ ከትቶበታል። የመቀመጫው ቱቦ አፉ ተቀዶ ነበር። የዚያ ፍሬም ትክክለኛ ዘንግ 27.2 ሚሊ ሜትር ነው። ቧንቧ ለውሃ ነው!

«ሲያድግ ይደርስበታል» ብላችሁ ለልጅ ትልቅ ፍሬም አትግዙ። እግሩ መሬት የማይደርስ ልጅ ባጃጅ መሃል ማቆም አይችልም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

አንገቱ 25.4 የሆነ ፎርክ 28.6 ለሚቀበል ፍሬም አይሆንም፤ በቆርቆሮ አይሞላም።

ከታች የሚወፍር አንገት ያለው አዲስ ፎርክ አሮጌ ቀጥ ያለ የመሪ ቱቦ ውስጥ አይገባም፤ ቱቦውን አታስቦርቡሩ።

አንገቱ አጥሮ የተቆረጠ ፎርክ አይቀጠልም። ለሌላ ፍሬም ይሁን።

ብዙ የ29 ፎርኮች የጫማ ፍሬን (ቸርኬውን ጨምቆ የሚያቆመው) ማሰሪያ የላቸውም፤ ካላቸውም ለ26 ቸርኬ ከፍታው አይገጥምም። ሳትገዙ እዩ።

ፎርክ ከተቀየረ በኋላ ጥቂት ቀን ነድታችሁ የመሪውን ኩሽኔታ እንደገና አጥብቁ። የፊት ፍሬኑን ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ስትገፉት መንቀጭቀጭ የለበትም፤ ፊቱን ከመሬት ስታነሱት ደግሞ መሪው በራሱ ክብደት ወደ ግራና ቀኝ መዞር አለበት።